ሽፋኑ ላይ የሌለችው መምህርት

አክስቴ ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተምራ ጡረታ ወጣች። ጡረታ ወጣች ማለት ግን አረፈች ማለት አይደለም። ጠመኔውን አስቀምጣ እስክሪብቶ አነሳች። ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ የእህቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ትመራለች፤ የየሳምንቱን ጥናት የምታዘጋጀውም ራሷ ናት። ደብተር ላይ፣ በዚያ ቀጥ ባለ የአስተማሪ እጅ ጽሕፈቷ፦ መግቢያ፣ የሚነበበው ክፍል፣ አምስት ጥያቄዎች፣ ከታች ደግሞ የቤት ሥራ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው እናቶች የቤት ሥራ ሳይሠሩ ከመጡ ትቆጣቸዋለች።

ሦስት ደብተር ሲሞላ ለእኔ ሰጠችኝና ቅዳሜ ቅዳሜ በላፕቶፔ ተየብኩላት። ቤተ ክርስቲያኑ በትንሽ መጽሐፍ መልክ አሳተመው። ሽፋኑ ላይ «በሴቶች አገልግሎት ክፍል የተዘጋጀ» ይላል። መቅድሙን የጻፉት አገልጋይ ስም አለ። የማተሚያ ቤቱም ስም አለ። የእሷ ስም የለም። እኔ ተናደድኩ፤ እሷ ሳቀች።

ያን ሰሞን ነው ስለ ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሳነብ አስቴር ጋኖን ያገኘኋት። ከዚያ በኋላ የአክስቴ መጽሐፍ ጉዳይ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ቸልተኝነት ብቻ አልመስል አለኝ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሊሙ እስከ ባሕሩ

አስቴር የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። የሊሙ ኢናርያ ምድር ልጅ ናት። ሊሙ ኢናርያ ከጊቤ ማዶ ከነበሩት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ነበር። ሰቃ የሚባለው ገበያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሩቅ ይታወቃል፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይሸጥበታል። ሰውም ይሸጥበታል።

አስቴር በነጻነት ተወልዳ የሊሙ ንጉሥ ባሪያ ሆነች። ከዚያም ተሸጠች። ከሊሙ እስከ ቀይ ባሕር ያለው መንገድ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይቆጠራል፤ በዚያ ዘመን ባሮች ይህንን የሚጓዙት በእግራቸው ነበር። በ1886 ወደ ዓረቢያ ሊሸጧት በጀልባ ሲወስዷት የጣሊያን መርከቦች ጀልባውን ያዙት። አሥራ አራት ዓመት ገደማ ይሆናታል።

እዚህ ላይ ጣሊያኖቹን ነጻ አውጪ አድርገን እንዳንስላቸው። ምፅዋን ከያዙ ገና ዓመታቸው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ደግሞ ዶጋሊ ላይ ከራስ አሉላ ጦር ጋር ይጋጠማሉ። የመጡት አገር ሊይዙ ነው። ግን ያ ጀልባ ባይያዝ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚያው ያልቅ ነበር።

ነጻ የወጣችው ልጅ የተወሰደችው ከምፅዋ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው እምኩሉ ነው። እዚያ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሽን ትምህርት ቤት ነበረው። የሚሽኑ ሰዎች በ1866 ምፅዋ ሲደርሱ ሐሳባቸው ኦሮሞ አገር መግባት ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ መንገዱ አልከፈት አላቸው። እነሱ ወደ ኦሮሞ አገር መሄድ ሲያቅታቸው፣ የኦሮሞ ልጆች በባርነት ሰንሰለት ተጎትተው እነሱ ደጅ ደረሱ። የእምኩሉ የኦሮምኛ ሥራ የተሠራው በእነዚህ ልጆች ነው።

ቃል ያጠረው ተርጓሚ

እምኩሉ ውስጥ አንድ ሰው ነበር። ሲወለድ የወጣለት ስም ሂካ ነው፤ በኦሮምኛ ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው። ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ በ1856 ገደማ ተወለደ፣ በልጅነቱ ተሰረቀ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፣ በ1870 ምፅዋ ላይ ነጻ ወጣ። ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። ለፊልሞና በተጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው ባሪያ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ የሚባለው፣ እሱ ነው ስሙ። ኦነሲሞስ ነሲብን ብዙዎቻችን በዝና እናውቀዋለን። ስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምሮ ተመለሰ፣ ወደ ትውልድ አገሩ ለመግባት ሞክሮ አልተሳካለትም። ሰው መግባት ካልቻለ መጽሐፍ ይግባ በሚል እምኩሉ ተቀምጦ መተርጎም ጀመረ።

ግን አንድ ችግር ነበረበት። ችግሩን የሚያውቀው ራሱ ነው። ከኦሮምኛ ተናጋሪዎች መሐል የወጣው በልጅነቱ ነው። ቋንቋው አብሮት ያደገ ቢሆንም አብሮት አልሸመገለም። ስዊድንኛ ያውቃል፣ የነገረ መለኮት ትምህርት አለው፣ የቤትና የመስክ ቃል ግን ያጥረዋል።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እስቲ ወንጌልን ገልጣችሁ በውስጡ ያለውን የቤት ዕቃ ቁጠሩ። በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ እርሾ የደበቀች ሴት አለች። በወፍጮ አብረው የሚፈጩ ሁለት ሴቶች አሉ። ከአሥር ድሪም አንዱ ጠፍቶባት መብራት አብርታ ቤቷን የምትጠርግ ሴት አለች። ምጥ አለ፣ ሰርግ አለ፣ አሮጌ ልብስ ላይ የሚጣፍ እራፊ አለ። እነዚህን ቃላት ከነገረ መለኮት ክፍል አታገኟቸውም። ማጀት ውስጥ ነው ያሉት።

አስቴር እነዚህን ቃላት ይዛ መጣች። ቋንቋውን እስከ አሥራዎቹ ዕድሜዋ ስትኖረው የቆየች ልጅ ናት። የእምኩሉ መምህራን ለኦሮምኛ ያላት ችሎታ የተለየ መሆኑን ቶሎ አዩና አንድ ሥራ ሰጧት፦ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ማሰባሰብ።

እኔ በሙያዬ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ስለዚህ ይህን ሥራ ሳስበው የሚታየኝ ዳታቤዝ ነው። ዛሬ የአንድን ቋንቋ ቃላት ለመሰብሰብ ብትፈልጉ ድረ ገጽ የሚያስስ ኮድ ትጽፋላችሁ፤ ከተጻፈ ነገር ትለቅማላችሁ። እሷ የምትለቅምበት የተጻፈ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ምንጩ የራሷ ትዝታ ነው። ከእናቷ አፍ፣ ከገበያው፣ ምናልባትም በባርነት ካሳለፈችው ዘመን የቀረላት ቃል ነው ወረቀት ላይ የሚሰፍረው። የተሰበሰበው ቃል መጀመሪያ ያገለገለው የአዲስ ኪዳኑን ትርጉም ለማቃናት ነው። አዲስ ኪዳኑ በ1893 እዚያው እምኩሉ ታተመ። አስቴር ያኔ ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ይሆናታል።

ዓመታቱንም ልብ በሉ። ከ1888 እስከ 1892 ያለው ጊዜ ክፉ ቀን የምንለው ነው። ከብት አልቆ፣ ሰው በረሃብ የሚረግፍበት ዘመን። ይህ መጽሐፍ ከረሃቡ ጎን ለጎን የተሠራ ነው።

በዳ እና በዳ

ትርጉሙ የተጻፈው በእኛው ፊደል ነው። አዲስ ነገር አልነበረም፤ ቀደም ሲል የአጼ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል የጻፉት አለቃ ዘነብ ከሚሽነሪው ክራፕፍ ጋር ሆነው ቅዱሳት መጻሕፍትን በሸዋ ኦሮምኛ አዘጋጅተው ነበር፤ አዲስ ኪዳኑም በ1876 ታትሟል። በግዕዝ ፊደል ኦሮምኛ መጻፍ ግን የራሱ ጣጣ አለው።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አማርኛ ላይ ለምደነዋል፤ «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ከአገባቡ ነው የምንለየው። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ አልደረሰም ማለት ነው። ኦሮምኛ ላይ ይህ ይበዛል። «በዳ» ዳ ሲላላ መጥፎ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደጋ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥርም ትርጉም ይለወጣል፤ ፊደላችን ግን ይህን ሁሉ የሚለይበት ምልክት የለውም። ደግሞ ኦሮምኛ ውስጥ አማርኛ የማያውቀው ድምፅ አለ፦ ወደ ውስጥ የሚሳብ «ድ»። ለእሱ ዸ የሚለው ፊደል ገባ። ዛሬ ዩኒኮድ ውስጥ ከእነ እርባታው ቁጥር ተሰጥቶት ተቀምጧል፤ ስልካችሁ ላይ የሚታየውም ለዚህ ነው።

ምልክቱ በማይበቃበት ቦታ ሁሉ የሚፈርደው ጆሮ ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ለሚሰማው ሰው ምን ይመስለዋል? ይስቅበታል ወይስ ይገባዋል? ኮድ ላይ ስህተት ሲኖር ማሽኑ ይነግራችኋል። ትርጉም ላይ ግን ስህተቱን የሚነግራችሁ ቋንቋውን የኖረ ሰው ብቻ ነው። እምኩሉ ውስጥ ከእነዚያ ሰዎች ዋነኛዋ አስቴር ነበረች።

አምስት መቶ

ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው መጽሐፍ ነው። በ1894 «ጃልቀባ ባርሲሳ» የሚል የጀማሪዎች ማንበቢያ እምኩሉ ላይ ታተመ። «የጀማሪ አስተማሪ» ልንለው እንችላለን። ለዚህ መጽሐፍ አስቴር አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ከቃል ወደ ጽሑፍ አውርዳለች፤ ብዙዎቹም ገብተውበታል። እሷ ራሷ ደግሞ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች መጽሐፍ ወደ ኦሮምኛ ተርጉማለች።

የሚሽን ማተሚያ ቤት ነው፤ ዓላማው ወንጌል ነው። ታዲያ የጅብና የቀበሮ ዓይነት ተረት ምን አገባው? መልሱን አስተማሪ የሆነ ሰው ያውቀዋል። ማንበብ የሚጀምር ሰው ሁለት ከባድ ነገር በአንዴ አይችልም። አዲስ ፊደል ላይ አዲስ ታሪክ ብትጭኑበት ይጥለዋል። ልቡ የሚያውቀውን ተረት በአዲሱ ፊደል ስትሰጡት ግን ዓይኑ ሲደናቀፍ ትዝታው ይደግፈዋል። የአንዱን ቃል ግማሽ ሲያነብ ሌላው ግማሽ ራሱ ይመጣለታል። ከዚያ ፊቱ ይበራል። አክስቴም እንዲሁ ነው የምታደርገው፤ የእህቶቹን ጥናት ስትጀምር መጀመሪያ የምታነሳው የቡና ወሬ ነው፤ ከዚያ ነው ወደ ምዕራፉ የምትገባው።

ሌላም ነገር አለ። ከአገሯ ተነጥቃ፣ ወደማታውቀው አገር ልትሸጥ ተቃርባ የነበረች ልጅ፣ አምስት መቶ የአገሯን ቃል ከነለዛው ታስታውሳለች። አሳዳሪዎቿ ሁሉን ነገር ሲወስዱባት ይህን ሊወስዱ አልቻሉም። እሷ ደግሞ ለራሷ አልደበቀችውም፤ የማንበቢያ መጽሐፍ አደረገችው። ዛሬ የኦሮሞ ሥነ ቃል የሚያጠና ሰው ከቀደሙት የታተሙ ስብስቦች አንዱ አድርጎ የሚያነሳው ይህንን መጽሐፍ ነው።

የርዕስ ገጹ

የሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በ1897 አለቀ፤ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ቅዱስ ክሪስቾና ላይ ታተመ። ከኦሪት ዘፍጥረት እስከ ራእይ፣ በኦሮምኛ። አስቴር ሃያ ሰባት ዓመት ገደማ ነበረች። የእኔ ዕድሜ ማለት ነው።

የርዕስ ገጹ ተርጓሚ ብሎ የሚያውቀው ኦነሲሞስን ነው። ታሪክም የተከተለው የርዕስ ገጹን ነው። የእነዚህን ሰዎች ታሪክ በሰፊው ያጠናው ስዊድናዊው ጉስታቭ አሬን በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ትርጉሙ የኦነሲሞስና የአስቴር የጋራ ሥራ ተደርጎ መታየት እንዳለበት ያሳያል። ሰማንያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።

እኛ ዘንድ እያንዳንዱ የኮድ መስመር ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው ይመዘገባል። አንድ መስመር ላይ ስህተት ከተገኘ ባለቤቱ ወዲያው ይታወቃል። ጥሩ ከሆነም ይታወቃል። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖረው ስንቱ ጥቅስ አጠገብ የእሷ ስም ይወጣ ነበር?

ኦነሲሞስን ግን ወንጀለኛ ላደርገው አልፈልግም። እሱም የተሸጠ ልጅ ነው። ዕድሜውን ለዚያ መጽሐፍ ሰጥቷል፣ በኋላም ተከስሷል። የርዕስ ገጽ የዘመኑ ልማድ ነው፤ አንድ ስም ይፈልጋል፣ ያ ስም ደግሞ ስዊድን የተማረና ለደብዳቤ መልስ የሚጽፍ ወንድ ቢሆን ይመርጣል። አስቴር «ረዳት» ተባለች። ረዳት የሚለው ቃል መጥፎ አይደለም፤ ግን ብዙ ሥራ ይደብቃል።

ነቀምቴ

በ1904 መንገዱ ተከፈተ። ኦነሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎች የቋንቋ ሥራ ጓደኞቻቸው ወለጋ ገቡ። ነቀምቴን የሚገዙት ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስቴር ነቀምቴ ላይ አስተማሪ ሆነች።

ሰላም ግን አልሆነም። በ1906 ኦነሲሞስ በካህናት ተከሶ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፤ ተፈረደበት። አጼ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ መስበክ ግን ተከለከለ። ልጅ ኢያሱ በ1916 ፈቃድ እስኪሰጡት ድረስ አሥር ዓመት እንዲሁ ሄደ።

አሁን አስቡት። ስብከት ሲከለከል ምን ይቀራል? ማስተማር። ምስባክ ሲዘጋ ፊደል መቁጠሪያው ክፍት ነው። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ማንበብ መማርና መጽሐፍ ቅዱስ መማር የተለያዩ ትምህርቶች አይደሉም፤ ማንበቢያው እሱ ነው። ስለዚህ ማኅበረሰቡን ያቆዩት አስተማሪዎች ናቸው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ከአስተማሪዎቹ መካከል ሴት መኖሯም ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ልጁን ወደ ትምህርት ቤት መላክ የሚፈራ ወላጅ፣ ሴት ልጁን ለሴት መምህርት መስጠት ይቀለዋል። የተማረችውም ልጅ ፊት ለፊቷ የምታየው ሴት፣ የምታነብ ብቻ ሳትሆን የምታነበውን መጽሐፍ ራሷ የሠራች ሴት ናት። ይህን ተማሪዎቿ ያውቁ ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ። ስሟ ገጹ ላይ የለማ።

ኦነሲሞስ በ1931 ሞተ። አስቴር ከእሱ በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖራለች። የጣሊያንን ወረራ አይታለች፤ በልጅነቷ ጀልባዋን የያዙት ሰዎች አገር ጦር እስከ ነቀምቴ ድረስ መጣ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ በ1944 ስለ ሚሽኖች የወጣው ድንጋጌ በመላ አገሪቱ የማስተማሪያ ቋንቋ አማርኛ ነው አለ፤ የአካባቢ ቋንቋ ቢፈቀድ እንኳ ለመሸጋገሪያ ያህል ብቻ ነው። በኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጀችው ሴት በሰባዎቹ ዕድሜዋ ይህን ሰማች። እኔ ይህን በአማርኛ እየጻፍኩ መሆኔን አልረሳሁም።

በ1959 መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስትመሠረት አስቴር በሕይወት ነበረች። እምኩሉ ላይ በጥቂት ነጻ በወጡ ልጆች የተጀመረው ሥራ በአገሩ ሕጋዊ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን አየች ማለት ነው። በ1964 በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ ዐረፈች። በ1991 ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሲሆን እሷ አልነበረችም።

ያልተመዘገበው

ለምን እንደተረሳች ሳስብ አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ሴት መሆኗ አለ። ባሪያ ሆና መምጣቷ አለ፤ ግን ኦነሲሞስም ባሪያ ነበር። ሦስተኛው ምክንያት ይመስለኛል ከሁሉም የበለጠው፦ አስተማሪ መሆኗ። የአስተማሪ ሥራ የሚቀመጠው ሰው ውስጥ ነው፤ ሰው ደግሞ መዝገብ ቤት አይገባም። ሰባኪ ይከሰሳል፣ ፍርድ ቤት ይቆማል፣ ንጉሥ ፊት ይቀርባል፤ ስለዚህ ይጻፍለታል። አስተማሪ ጠዋት ትገባለች፣ ማታ ትወጣለች። በማግሥቱም እንደዚሁ። ስድሳ ዓመት እንዲህ ብትሠራ ታሪክ ጸሐፊው «በነቀምቴ አስተማሪ ሆና አገልግላለች» ብሎ በአንድ መስመር ያልፋታል። እኔም ከላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ባለፈው ወር የአክስቴ መጽሐፍ በድጋሚ ሊታተም ነው ተባለና ፋይሉን አውጥቼ ከፈትኩ። የፋይሉን መረጃ ስመለከት «ደራሲ» በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ላፕቶፑ የእኔ ስለሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ነው የሞላው። ማንም ክፉ አላሰበም። እኔ በሽፋኑ ስናደድ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ቁጭ ብሏል።

የእሷን ስም አስገባሁ። ርዕሱ ስርም ጻፍኩትና ለሚመለከታቸው ሰዎች በዚያው መልክ እንዲታተም ጠየቅኩ። ማታ ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ስምሽን አስገብቼዋለሁ፤ አውጣ እንዳትይኝ።»

ትንሽ ዝም አለች። «ካልክ እሺ» አለችኝ። «ግን ስሜ ከገባማ፣ ዘጠነኛው ጥናት ላይ አራተኛው ጥያቄ ተሳስቷል፤ መጀመሪያ እሱን አርምልኝ።»